ቡችላችን ምን ይብላ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በርበሬና ሽሮ የምናዘጋጅበትን ግቢ የሚጠብቅ ቡችላ ካስገባን ወዲህ፣ ከበርበሬ ዋጋ ቀጥሎ የሚነሣው ወሬ የቡቺ ቀለብ ሆኗል። ግማሾቻችን «ውሻ የተረፈውን ይበላል» እንላለን። ውጭ አገር ልጆች ያሏቸው እናቶች ደግሞ «እዚያ ጥሬ ሥጋ ነው የሚሰጡት፤ ፀጉሩ ያምራል፣ ጥርሱም ይጠነክራል» ይላሉ። ከደጋፊዎቻችን መካከልም «ልጆች ሥጋ በማያገኙበት ሰፈር ውሻ በሥጋ ይቀለባል ወይ?» ብለው የጠየቁን አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እንመለስበታለን። ዛሬ ያነበብነውን፣ የእንስሳት ሐኪም ጠይቀን የተረዳነውንና በጓዳችን የምንሠራበትን ይዘን ቀርበናል።

በመጀመሪያ፣ ጥሬ ምግብ ማለት ሥጋ ብቻ ማለት አይደለም። በሥጋ ብቻ ያደገ ቡችላ አጥንቱ ይጎዳል። 100 ግራም ቀይ የበሬ ሥጋ ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ገደማ ፎስፈረስ አለ፤ ካልሲየሙ ግን 10 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። ለሚያድግ ቡችላ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ማነስ የለበትም፤ እንዲያውም ትንሽ ቢበልጥ ይመረጣል። ሲጎድልበት ሰውነቱ ከገዛ አጥንቱ እየመዘዘ ይጠቀማል። እግሩ ይጎብጣል፤ ከደረጃ ቢዘል ሊሰበር ይችላል። እግሩ የተንጋደደ ቡችላ ስናይ «አፈጣጠሩ ነው» ብለን እናልፋለን፤ ምክንያቱ ግን ቀለቡም ሊሆን ይችላል።

«እንግዲያው የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተን እንጨምርለት» ያላችሁ አላችሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ የቅርፊት ዱቄት 2 ግራም ገደማ ካልሲየም ይሰጣል። ላደገ ውሻ ይበጃል። ቡችላ ግን ከካልሲየሙ ጋር ተጨማሪ ፎስፈረስም ይፈልጋል፤ ቅርፊት ደግሞ ፎስፈረስ የለውም ማለት ይቻላል። ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘው አጥንት ነው። ያለ ልክ መጨመርም አይሆንም። በተለይ ትልልቅ ዘር ያላቸው ቡችሎች የበዛ ካልሲየም ሲገባባቸው አንጀታቸው መግቶ መመለስ ስለማይችል አጥንታቸው ተበላሽቶ ያድጋል። ስለዚህ በእጅ ግምት ሳይሆን በሚዛን እንሠራለን። በርበሬ የምንመዝንበትን ሚዛን ግን ለዚህ አንነካውም፤ ለቡቺ ለብቻው ትንሽ ሚዛን አለ።

ለ1 ኪሎ የምናዘጋጀው እንዲህ ነው። 600 ግራም የበሬ ሥጋ፣ ልብም ሊገባበት ይችላል። 300 ግራም የዶሮ አንገትና እግር፣ ከነአጥንቱ በሥጋ መፍጫ የተፈጨ። 50 ግራም ጉበት። 50 ግራም ኩላሊት ወይም ጣፊያ። በላዩ ላይ አንድ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ጭልፋ ተቀቅሎ የተፈጨ ዱባ ወይም ካሮት። ጉበቱን «ደም ይሆነዋል» ብላችሁ አታብዙበት፤ ቫይታሚን ኤ ሲከማች ራሱ መርዝ ይሆናል። እንዲህም ተደርጎ አዮዲን፣ ዚንክ፣ ቫይታሚን ዲ እና ኢ ሊጎድሉ ይችላሉ። በውኃ የታሸገ ሰርዲን በሳምንት አንድ ጊዜ የተወሰነውን ይሸፍናል፤ የቀረውን የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዝዘው ማሟያ እንሞላለን።

መጠኑን በተመለከተ፣ የሦስት ወር ቡችላ በቀን ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ ይበላል። ቡቺ 4 ኪሎ ስለሆነ 320 ግራም፣ በሦስት ጊዜ ተከፍሎ። 1 ኪሎው ሦስት ቀን ያቆየዋል። ሲያድግ በመቶኛው ይቀንሳል፤ የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ፣ በዓይን ግን የማይቆጠር ከሆነ ልኩ ደርሷል።

አሁን ወደ ደጋፊዎቻችን ጥያቄ። የበሬ ሥጋው ሉካንዳው ለደንበኛ የማይሸጠው ጅማታም ቁራጭ ነው። የዶሮው እግር ደግሞ ብዙዎቻችን ለበዓል ዶሮ ስንገነጥል የምንጥለው ነው። ከልጅ አፍ የተነጠቀ ነገር የለም፤ የወጪው ደረሰኝም ሒሳብ ክፍል አለ።

ከሁሉ በላይ ልናነሣው የፈለግነው ግን የበግ የሆድ ዕቃ ነገር ነው። በበዓል ግቢ ውስጥ በግ ሲታረድ ሳንባውና ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ስናይ ቆርጠን ለውሻ እንወረውራለን። ደግነት ይመስላል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል ዘር ውሻው አንጀት ገብቶ ይራባል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይም ይጣበቃል። ውሻውን የደባበሰ ልጅ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲቆርስ ይውጠዋል። በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ውሻው ግን ምንም ሕመም አይታይበትም። በግቢያችን ከእናቶቻቸው ጋር የሚውሉ ልጆች ስላሉ ይህን በቀላሉ ልናየው አንችልም።

አይስላንድ በምትባል አገር ይህ በሽታ እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። በፈረንጆቹ 1860ዎቹ ሃራልድ ክራቤ የሚባል ዴንማርካዊ ተመራማሪ ከውሻ እንደሚመጣ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ፤ በየቤቱም በነፃ ታደለ። ዛሬ በሽታው ከዚያች አገር ጠፍቷል። እኛም ይህን ጽሑፍ በመጽሔታችን የምናወጣው ሳትጥሉ ለጎረቤት እንድታሳልፉት ነው።

ስለዚህ የወሰንነው፦ የቄራ ማኅተም የሌለው ሥጋ ጥሬውን አይሰጥም። ማኅተም ያለውም ቢሆን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ቢያንስ ለ7 ቀን ይቆያል። ጉበት፣ ሳንባ፣ ኩላሊትና ጣፊያ ከየትም ይምጣ ተከትፎ ከፈላ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቀቀላል። ከረጢት የተገኘበት ለማንም አይሰጥም፤ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ቡቺም የትል መድኃኒቱን ሐኪሙ በሚለው ጊዜ ይወስዳል።

ቅዝቃዜ የትሉን ዘር ይገድላል፤ ሳልሞኔላን ግን አይገድልም። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በ2012 ለውሻና ለድመት ጥሬ ሥጋ እንዳይሰጥ የመከረው በዚህ የተነሣ ነው። እኛ የተለየ መፍጫ፣ የተለየ ቢላና የተለየ ሳህን አለን፤ ቡቺን የምታበላውም ተረኛ በዚያ ቀን ባልትናው ክፍል አትገባም። እናንተ ቤት ይህ ከሌለ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር፣ አራስ ወይም ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለ፣ ጥሬውን ተዉት። ሥጋውን ቀቅሉ፤ በአጥንቱ ፋንታም ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የአጥንት ዱቄት ግዙና መጠኑን ሐኪም ጠይቁ። ቡችላው ምንም አይቀርበትም። የተቀቀለ አጥንት ግን አይሰጥ፤ እየተሰነጠረ አንጀት ይቀዳል።

የወጥ ትርፍም እንዲሁ ነው። ችግሩ በርበሬው ብቻ ሳይሆን ቀይ ሽንኩርቱ ነው፤ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ መቀቀልም መርዙን አያጠፋውም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዘቢብና ቸኮሌትም ለውሻ አይሆኑም።

የመጨረሻው ጉዳይ ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ቡቺ ደግሞ አይጾምም። የክርስቲያን ሉካንዳ ሲዘጋ ሙስሊም እህቶቻችን ከሚገዙበት ሉካንዳ ሊያመጡልን ተስማምተዋል፤ በጾሙ ሥጋ መንካት ለሚከብዳቸውም ተራውን እነሱ ይሸፍናሉ። እነሱ በረመዳን ሲጾሙ እኛ እንተካቸዋለን። የተራው ዝርዝር በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የአንገትና የእግር አፈጫጨቱን ማየት የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ጓሮ እንገናኝ።