ጆሮ የማያደክም ማዳመጫ

(የቫይብራፎን ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የሙላቱ አስታጥቄን ቫይብራፎን ቤቱ ሆኖ ጥርት አድርጎ መስማት የሚፈልግ ሰው፣ ማዳመጫ ሲመርጥ በቅድሚያ ጀርባውን ይመልከት።

የጀርመኑ ኩባንያ ዜንሃይዘር በ1968 እ.ኤ.አ. ኤችዲ 414 የተባለውን ጀርባው ክፍት የሆነ ማዳመጫ ለገበያ አቀረበ። የዚህ ዓይነቱ ማዳመጫ አየር ስለሚያስገባ ጆሮን እምብዛም አያሞቅም፤ ሙዚቃውም ሳይታፈን ክፍሉን የሞላ ይመስላል። ነገር ግን ድምፁ ወደ ውጭም ይወጣል። ስለዚህ አጠገቡ ልጅ ለተኛበት ሰው ጀርባው ዝግ የሆነው ይሻለዋል።

ከዚያ ምቾት ነው። ስፖንጁ ጆሮን ዙሪያውን ከቦ ሲያርፍ ጫናው ይቀንሳል። መነጽር የሚያደርግ ሰው ደግሞ መነጽሩን ሳያወልቅ ይሞክረው።

ማዳመጫው የኤሌክትሪክ ፍሰትን ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳየውን ኦምም ማየት ያስፈልጋል። 300 ኦም ያለው የዜንሃይዘር ኤችዲ 600 በስልክ ብቻ ሲሰማ ድምፁ ሊያንስ ይችላል፤ 32 ኦም አካባቢ ያሉት ግን ብዙውን ጊዜ አምፕሊፋየር አይፈልጉም።