የእንጉዳይ ምርት የሚወሰነው በክምሩ ዘንድ ነው



ወደ እንጉዳይ እርሻ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ ለማየት የሚሻው እንጉዳዩ የሚለቀምበትን ቤት ነው። ከየአጥቢያው የሚላከውም ስጦታ ብዙ ጊዜ «ሌላ ቤት ሥሩበት» የሚል ቃል ይዞ ይመጣል። ስለ ቸርነታችሁ እናመሰግናለን። ነገር ግን የምርቱ ጉዳይ የሚቆረጠው በቤቱ ውስጥ ሳይሆን፥ እንግዳ አፍንጫውን ይዞ በሚያልፈው የብስባሽ ክምር ዘንድ ነው። ብስባሹ ከተበላሸ አሥር ቤት ቢሠራ አሥር ባዶ ቤት ነው። ለቀማ በኪሎ በሚከፈልበት እርሻ ደግሞ ጉዳቱ መጀመሪያ የሚያርፈው በለቃሚዎቹ እናቶች ላይ ነው።

በየሆቴሉ የምናየው ክቡ ነጭ እንጉዳይ ምግቡን የሚያገኘው እንደ ጎመን ከአፈር አይደለም። የስንዴ ጭድ፣ የዶሮ ኩስ፣ ውኃና ጂፕሰም ተደባልቀው በትኩሳት ሲብላሉ የሚገኘውን ብስባሽ ይመገባል። ጂፕሰም ያልነው ጀሶ ከሚሠራበት ድንጋይ የሚፈጨውን ዱቄት ነው፤ ብስባሹ እንዳይላቆጥ ይረዳል። የሚያስቸግረው ኩሱ ነው። ከአንዱ ዶሮ ቤት ንጹሕ ኩስ፣ ከሌላው ግማሹ ሰጋቱራ የሆነ ይመጣል። ስለዚህ በጆንያ ቁጥር መደባለቅ አያዋጣም። ሥራው ሲጀመር ናይትሮጅኑ ከደረቁ ክብደት ከ1.5 እስከ 1.8 በመቶ ያህል መሆን አለበትና፥ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ መላክ ቅንጦት አይደለም።

ጭዱ በሚገባ ከራሰ በኋላ ይከመራል፤ በየሁለት ሦስት ቀኑም የውጩ ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ውጭ እየሆነ ይገለበጣል። እምብርቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ይሞቃል። አየር ካጣ ግን ይጠቁራል፤ እንደ በሰበሰ እንቁላልም ይሸታል። ያን ጊዜ ክምሩን ማጥበብና በመንሽ ማላላት እንጂ ውኃ መጨመር አይረዳም። ክምሩ በባዶ መሬት ላይ ከሆነም አፈሩ ከነተባዩ ይቀላቀልበታል፤ የሚወጣው ጥቁር ፈሳሽም ወደ ጎረቤት የውኃ ጉድጓድ ሊሰርግ ይችላል።

ቀጥሎ ብስባሹ ወደ ዝግ ክፍል ይገባል። ሲንደንና ሃውዘር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1950 እ.ኤ.አ. የውጩን ብስበሳ የሚያሳጥር ዘዴ ካሳወቁ ወዲህ የዚህ ክፍል ሥራ ይበልጥ ከብዷል። ከ57 እስከ 60 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ለሰዓታት ሲቆይ ተባዩና ጎጂው ሻጋታ ይሞታል። ከዚያ ሙቀቱ ወደ 45 እና 50 መካከል ወርዶ ለቀናት ይቆያል፤ ጠቃሚዎቹ ጥቃቅን ሕይወቶችም አሞኒያውን ወደ እንጉዳይ ምግብ ይለውጡታል።

ችኮላ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዘሩ ተገዝቷል፤ ገበያው ይጠብቃል፤ «ይብቃው» የሚል ሰው አይጠፋም። አሞኒያ ግን ለእንጉዳይ ዘር መርዝ ነው። ሽታው ሳይጠፋ አይዘራም። በሥራው ላይ የዋለ ሰው አፍንጫው ይለምደዋልና፥ በዕለቱ ወደ ክፍሉ ያልቀረበ ሰው መጥቶ ያሽተው። ከተዘራ በኋላ እግሩ ቀጭን የሆነ፣ በቶሎ እንደ ቀለም ጠቁሮ የሚቀልጥ እንጉዳይ ቢበቅል አብዛኛውን ጊዜ አሞኒያ ቀርቶ ነበር ማለት ነው። እርጥበቱም 70 በመቶ ገደማ ይሁን፤ በእጅ ሲጨመቅ መዳፍን አርሶ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ቢወጣ ደኅና ነው።

ለሠራተኞች አንድ ነገር በብርቱ እናሳስባለን። ብስባሽ ኦክስጅንን ይጨርሳል። ክፍሉ በሚገባ ሳይናፈስ ማንም አይግባ፤ ከተናፈሰም በኋላ ማንም ብቻውን አይግባ።

እናንተም በየአጥቢያችሁ ስለሚቀጥለው ስጦታ ስትመክሩ፥ ከሌላ ቤት በፊት ለክምሩ የሲሚንቶ ወለል፣ ዘንጋቸው ረጅም የሆነ ቴርሞሜትሮችና የናሙና መመርመሪያ ገንዘብ እንድታስቡ እንለምናችኋለን። ፎቶግራፍ ሲነሡ አያምሩም።