የቀጋ አጥር እንዴት ይተከላል?

(ለድኅረ መሠረተ ትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አጥር ነው። «አጥር ማጠርን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀው የለም እንዴ?» ትሉን ይሆናል። እውነታችሁን ነው። እኛ ዘማች ተማሪዎች ከወልቂጤና ከቡታጅራ ዙሪያ ገበሬዎች የተማርነው ካስተማርነው ይበልጣል። ስለዚህ ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር ግማሹ ከእናንተው ከእንሰት አተካከል የተገኘ ነው። ግማሹ ደግሞ ከመጽሐፍ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ እናያቸዋለን።

ደረቅ አጥር የሚያስከፍለው ዋጋ

አንድ እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ ስንት ዓመት ይፈጃል? እንደ አገሩ ደጋነትና እንደ እንሰቱ ዓይነት 5፣ 6፣ 7 ዓመትም ይፈጃል። ታዲያ የ6 ዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። አጥሩ በአንድ በኩል ከተከፈተ ከብት ይገባል፤ ቅጠሉን ይበላል፤ ችግኙን ይረግጣል። ጃርትም ገብቶ አሚቾውን ቆፍሮ ይበላል።

ሌላም ጉዳት አለ። የእንሰት አጠውልግ በሽታን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ይህን በሽታ የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ የሚባል ነገር መሆኑን ሊቃውንት ለይተው የጻፉት በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። በሽታው ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚተላለፈው በቢላዋና በሌላ መሣሪያ ነው። የታመመ እንሰት የበላ ከብት ወደ ጤነኛው ማሳ ሲገባም ሊያዛምተው ይችላል። እንግዲህ አጥር ማለት ሌባ መከልከያ ብቻ አይደለም። በሽታም መከላከያ ነው።

ደረቅ አጥር ግን ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል። ክረምት ሲመጣ ሥሩ ይበሰብሳል። ማገዶ ሲጠፋም ከአጥሩ ላይ ይመዘዛል። በዓመቱ እንደገና ዛፍ ይቆረጣል፤ እንደገና ይታጠራል። አባት ያጠረውን ልጅ ያጥረዋል፤ ሥራው ግን አያልቅም። ሕያው አጥር ግን አንድ ጊዜ ተተክሎ በየዓመቱ እየጠነከረ ይሄዳል።

ቀጋ ምን ዓይነት ተክል ነው?

ለሕያው አጥር ከሚሆኑት የአገራችን ተክሎች አንዱ ቀጋ ነው። ቀጋ እሾሃም ነው። አበባው ነጭ ነው፤ ሽታውም ደስ ይላል። ፍሬው ሲበስል ወደ ቀይነት ይለወጣል። በወይና ደጋና በደጋ ይበቅላል። ስለዚህ ለቡታጅራ አካባቢና ለጉመር ደጋ የሚስማማ ተክል ነው። ቆላ ላይ ግን አይሆንም።

ቀጋ የጽጌረዳ ዘመድ ነው ብንላችሁ ትገረሙ ይሆናል። ዘመድ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ጽጌረዳ ነው። ሊቃውንት ያወጡለት ስም ሮዛ አቢሲኒካ ነው። «የሐበሻ ጽጌረዳ» ማለት ነው። በከተማ ግቢ ውስጥ ለጌጥ የሚተከለው ቀይ ጽጌረዳና በገደል ጫፍ የበቀለው ቀጋ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ቀጋ ድጋፍ ካገኘ ይወጣል፤ ቁመቱ እስከ 7 ሜትር ሊደርስ ይችላል። እንደ ሐረግ አይጠመጠምም። የሚወጣው በእሾሁ ነው። እሾሁ እንደ መንጠቆ ወደ ታች የታጠፈ ስለሆነ ያገኘውን ነገር ይዞ ይንጠላጠላል። ለአጥር የሚጠቅመንም ይኸው ጠባዩ ነው።

ከዘር ወይስ ከቅርንጫፍ?

ቀጋ ከዘርም ይበቅላል። ግን ዘሩ ጠንካራ ስለሆነ ለመብቀል ይዘገያል። ከቅርንጫፍ ቁራጭ ማራባት ይሻላል። እናንተ እንሰትን ከዘር ታበቅሉታላችሁ? አይደለም። አሚቾውን ቆርጣችሁ፣ መሐሉን አውጥታችሁ ትቀብሩታላችሁ። ከዚያ ብዙ ችግኝ ይወጣል። ችግኙንም ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ እያዛወራችሁ ታሳድጋላችሁ። የቀጋም ነገር ከዚህ አይርቅም።

ከቡታጅራ በስተ ምሥራቅ፣ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ ለውጭ ገበያ ጽጌረዳ የሚያመርቱ ሰፋፊ እርሻዎች አሉ። እነርሱም አበባውን ከዘር አያበቅሉትም። ከግንዱ ቁራጭ ነው የሚያራቡት። ከዘር የበቀለ ጽጌረዳ እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ከቁራጭ የበቀለው ግን እናቱን ይመስላል።

አንደኛ፣ ቁራጩን ማዘጋጀት

ጊዜው መጋቢት ወይም ሚያዝያ፣ የበልግ ዝናብ ሲጥል ቢሆን ጥሩ ነው። ጠዋት በቅዝቃዜ ሂዱ። ጤነኛ ቀጋ ምረጡ። ዘንድሮ የወጣው ለጋ ቅርንጫፍ ቶሎ ይበሰብሳል። በጣም ያረጀው ደግሞ ሥር ለማውጣት ይሰንፋል። አንድ ዓመት የሆነውን፣ የእርሳስ ውፍረት ያለውን ቁረጡ።

የቁራጩ ርዝመት አንድ ስንዝር፣ ወይም ከስንዝር ጥቂት በለጥ ያለ ይሁን። በላዩ 4 ወይም 5 ዓይን ይኑረው። ዓይን የምንለው አዲስ ቅርንጫፍ የሚወጣበትን ትንሽ እብጠት ነው። የታችኛውን ጫፍ ከዓይን ሥር ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። የላይኛውን ጫፍ ከዓይን በላይ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ይህ ለሁለት ነገር ይጠቅማል። ውኃ በጫፉ ላይ አይተኛም። ደግሞም የትኛው ላይ፣ የትኛው ታች እንደሆነ አይጠፋባችሁም። ተዘቅዝቆ የተተከለ ቁራጭ አይሆንም።

ቢላዋው ስለታም ይሁን። ደነዝ ቢላዋ እንጨቱን ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀውም ይበሰብሳል። እንሰት የተቆረጠበት ቢላዋ ከሆነ አስቀድማችሁ እጠቡት፤ በእሳትም ላይ አግሉት። ሥራውን ስትጨርሱ ደግሞ እንደገና አጥባችሁ አግሉት። ይህን ልማድ አድርጉት። ለቀጋው ብቻ ሳይሆን ለእንሰታችሁም ነው።

ሁለተኛ፣ መደብ ላይ መትከል

ከቤት አጠገብ፣ ጥላ ባለበት ቦታ አንድ ትንሽ መደብ አዘጋጁ። አፈሩን አለስልሱ፤ አሸዋ ጨምሩበት። ትኩስ ፍግ አትጨምሩ፤ ትኩስ ፍግ ቁራጩን ያቃጥለዋል። የታችኞቹን ቅጠሎች ከቁራጩ ላይ አንሱ። ከ3 እጅ 2 እጁን ቅበሩ፤ 1 እጁ ከመሬት በላይ ይቅር። አፈሩን በእጃችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። በላዩ በእንሰት ቅጠል ዝቅ ያለ ዳስ ሥሩለት።

ዳሱ ለምን አስፈለገ? ቁራጩ ገና ሥር የለውም፤ ውኃ መጠጣት አይችልም። ፀሐይ ካገኘው ግን ውኃው በቅጠሉ በኩል ይወጣል። የሚወጣው ከሚገባው ከበለጠ ይደርቃል። ስለዚህ ጥላና እርጥበት ያስፈልገዋል። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ጭቃ አይሁን።

ሦስተኛ፣ መታገሥ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቁራጩ ቅጠል ያወጣል። ሰውየው ደስ ይለዋል፤ «ያዘልኝ!» ይላል። ዳሱን ያፈርሳል፤ ነቅሎ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። በሳምንቱ ይደርቅበታል። ለምን?

የመጀመሪያው ቅጠል የሚወጣው በእንጨቱ ውስጥ ተከማችቶ በቆየው ምግብ ነው። ከሥር የመጣ አይደለም። ቅጠል ማውጣቱ ሥር መያዙን አያረጋግጥም። ስንቁን ይዞ መንገድ እንደ ወጣ ሰው ነው፤ ስንቁ እስኪያልቅ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ሥር ካልሰደደ ይሞታል።

ሥር ለመያዝ 2 ወር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። እስከዚያ ድረስ ነቅላችሁ አትዩት። ማወቅ ከፈለጋችሁ በሁለት ጣት ያዙና በቀስታ ሳብ አድርጉት። ቢይዝ ሥር አለው፤ ቢከተላችሁ ገና ነው።

ሁሉም አይጸድቅም። ስለዚህ ለአንድ ቦታ 2 ቁራጭ አዘጋጁ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ማሳው በአንድ በኩል 20 እርምጃ ቢሆን፣ በየእርምጃው አንድ ተክል፣ 20 ተክል ያስፈልጋል። ስለዚህ 40 ቁራጭ ትተክላላችሁ። ማሳው በአራቱም በኩል እኩል ከሆነስ? 160 ቁራጭ ይሆናል። ብዙ ከመሰላችሁ ዘንድሮ አንዱን ጎን፣ ለከርሞ ሌላውን ሥሩ።

አራተኛ፣ ወደ ማሳው ማዛወር

በመጋቢት የተተከለው በሐምሌ 4 ወር ይሆነዋል። ክረምቱ ሲደላደል ጠንካሮቹን አዛውሩ። ደካሞቹ እዚያው መደቡ ላይ ይክረሙ። ከማዛወራችሁ በፊት ዳሱን ጥቂት በጥቂት አንሱ፤ ፀሐይ ይልመድ።

ጉድጓዱ ክንድ ያህል ይጥለቅ። የቆየ ፍግ ከአፈር ጋር ደባልቁበት። ችግኙን ከነአፈሩ አንሱት፤ ሥሩ ነፋስ አይንካው። ከተከላችሁ በኋላ አፈሩን ጠቅጥቁ፤ ውኃ አጠጡ። ፍየል እንዳይበላው በዙሪያው እሾህ አድርጉበት። እሾሃም ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ለጋውን ፍየል ይወደዋል።

አንድ ነገር አደራ። ሕያው አጥር ለመዝጋት 2፣ 3 ዓመት ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ደረቁን አጥር አታፍርሱ። ደረቁ አጥር ለቀጋው ድጋፍ ይሁነው።

አምስተኛ፣ ማጎንበስና ማሰር

ቀጋ ዝም ብሎ ከተተወ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከታች ግን ክፍት ይሆናል። ጥጃ በሥሩ ይሾልካል። ይህ ለምን ይሆናል? ቅርንጫፉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጫፉ ብቻ ይበረታል፤ ከታች ያሉት ዓይኖች ይተኛሉ። ረጅሙን ቅርንጫፍ አጎንብሳችሁ በአጥሩ ላይ አግድም ብታስሩት ግን የተኙት ዓይኖች ይነቃሉ። ከአንድ ቅርንጫፍ ብዙ ቅርንጫፍ ይወጣል።

በቃጫ እሰሩት። አታጥብቁት፤ ግንዱ ሲወፍር ይታነቃል። የአንዱን ተክል ቅርንጫፍ ከጎረቤቱ ጋር አቆላልፉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው? አንድ ቀጋ ብቻውን ቁጥቋጦ ነው። ሃያው ሲያያዝ አጥር ይሆናል።

ስለ ጎረቤትና ስለ ጀፎረ

ወሰን ላይ ከመትከላችሁ በፊት ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። ደረቅ አጥር ይነሣል፤ ሕያው አጥር ግን ሥር ይሰዳል። ዛሬ በአንድ ክንድ የተገፋ ወሰን የነገ ጠብ ነው። ሁለቱም ጎረቤቶች ባሉበት ገመድ ዘርግታችሁ ትከሉ።

ጀፎረው ደግሞ የሁሉም ነው። ሠርግም ለቅሶም የሚያልፍበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ከብት የሚግጥበት ነው። ቀጋ ካልተገረዘ ወደ መንገድ ይሰፋል። ስለዚህ ከአጥሩ መስመር ወደ ውስጥ ገባ አድርጋችሁ ትከሉ፤ በየዓመቱም ወደ ውጭ የወጣውን ግረዙ። ፍሬውን የበሉ ወፎች ዘሩን ግጦሽ ላይ ይጥሉታል። እዚያ የበቀለውን ገና ትንሽ ሳለ ንቀሉት።

ሌላ ጥቅሙ

የቀጋ ፍሬ ይበላል። ልጆች ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል። የጽጌረዳ ዘመዶች ፍሬ ቫይታሚን ሲ የሚባል ለጤና የሚያስፈልግ ነገር በብዛት አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ እንግሊዝ አገር ብርቱካን እንደ ልብ መግባት አቅቶት ነበር። ያን ጊዜ የተማሪ ቤት ልጆችና የገጠር ሰዎች የዱር ጽጌረዳ ፍሬ ከየአጥሩ ይለቅሙ ነበር። ከእርሱም ለሕፃናት የሚሆን ጣፋጭ መጠጥ ይሠራ ነበር። በፍሬው ውስጥ ያለው ፀጉር ግን ጉሮሮ ያሳክካል። ለሕፃን ስትሰጡ ዘሩንና ፀጉሩን አውጡ።

ንብም አበባውን ትወደዋለች። ቀፎ ያለው ሰው አጥሩ ለንብ መኖ ይሆንለታል። ወልቂጤና ቡታጅራ ከተማ ቤት ያላችሁም ቀዩን ጽጌረዳ በዚሁ መንገድ አራብታችሁ በበር ላይ ልታወጡት ትችላላችሁ።

መደምደሚያ

የቀጋ አጥር ሁሉንም አይከላከልም። ፍልፈል በመሬት ውስጥ ይሄዳልና አጥር አያግደውም። ከብትን ግን ያግዳል። የ6 ዓመት እንሰት በአንድ ሌሊት እንዳይጠፋ ይረዳል።

እንግዲህ አሁን ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። ደብተራችሁን አውጡና ሦስት ነገር ጻፉ፤ የተከላችሁበትን ቀን፣ የተከላችሁትን ቁራጭ ብዛት፣ የጸደቀውን ብዛት። በዓመቱ ደብተሩን ስታዩት የትኛው ወር፣ የትኛው ቦታ እንደተሻለ ደብተሩ ራሱ ይነግራችኋል። ያን ጊዜ እኛ ከእናንተ እንማራለን።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቁራጩ ቅጠል ስላወጣ ብቻ ለምን አይነቀልም?
2. እንሰት የተቆረጠበት ቢላዋ ለምን በእሳት ይግላል?
3. ቅርንጫፉ አግድም ሲታሰር ምን ይሆናል?
4. የማሳችሁ አንዱ ጎን ስንት እርምጃ ነው? ስንት ቁራጭ ያስፈልጋችኋል?
5. በእናንተ መንደር ሕያው አጥር በጀፎረው ላይ እንዳይሰፋ ምን ማድረግ ይቻላል?