ጫማው የወለቀበት ሯጭ



መጋቢት 21 ቀን 2000 ዓ.ም. በስኮትላንዷ ኤደንብራ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ይካሄድ ነበር። የወንዶቹ ርቀት 12 ኪሎ ሜትር ነው። ውድድሩ ገና እንደተጀመረ በግፊያው መሃል የቀነኒሳ በቀለ ጫማ ወለቀ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዚሁ ሻምፒዮና ሞምባሳ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ውድድሩን አቋርጦ ስለወጣ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነበር። ታዲያ ምን አደረገ? ቆመ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አጠለቀ። ሯጮቹ እየጣሉት አለፉ። ሲነሳም የጠፋውን ሁሉ ባንዴ ለመመለስ አልተጣደፈም፤ ቀስ በቀስ ደረሰባቸውና አሸነፈ። በሻምፒዮናው ረጅሙ ርቀት ስድስተኛ ድሉ ሆነ።

እኛ ግን ሥራ ሲያጣድፈን አንቆምም። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሰኔ 30 ሲቃረብ የወረዳ ሒሳብ ሠራተኛዋን አስቧት፦ ደጅ ላይ ወረፋ፣ ስልክ ይጮኻል፣ መብራት ሄዶ ይመጣል። አልገጥም ያለውን ደረሰኝ ወደ ጎን ትታ ወደሚቀጥለው ትሮጣለች። በማግስቱ ያቺ ትንሽ ስህተት ተዛምታ ትጠብቃታለች። ቆም ብሎ ማስተካከል ድፍረት ይጠይቃል፤ በተለይ ሌላው ሲቀድም እያዩ።

ግን ሸክሙ የሠራተኛው ብቻ መሆን የለበትም። ሯጭ አሠልጣኝ አለው፣ ከውድድር በኋላም ያርፋል። እናንት አለቆች፣ ዛሬ አንገቷን ደፍታ ሒሳብ የምታጣራ ሠራተኛ ካያችሁ፣ እባካችሁ እስክትጨርስ አትጥሯት።