«መጠጥ ትጠጫለሽ?»

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የማኅበራችን ሒሳብ ሠራተኛ ያደረገችው ንግግር)

ዛሬ የቁጠባ ሒሳብ አላነብላችሁም፤ ስለ ጉበቴ ነው የማወራው።

አምና ጨጓራዬን አሞኝ አልትራሳውንድ ስታይ «ጉበትሽ ላይ ስብ አለ፤ መጠጥ ትጠጫለሽ?» ተባልኩ። ከበዓል ጠላ በቀር ቀምሼ አላውቅም። ውጤቱን ለባለቤቴ እንኳ ሳላሳይ ሁለት ወር በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። አክስቴ ሆዷ ውኃ ቋጥሮ ስታርፍ፣ ለቅሶ ቤት «በድብቅ ትጠጣ ነበር» ሲባል ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ጠጥታ አታውቅም፤ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች።

በኋላ ሐኪሙ አስረዳኝ። ከምናቃጥለው በላይ ስንበላ ትርፉ ሆድ ዙሪያና ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል። ቦርጭ፣ የስኳር ሕመም ወይም የደም ቅባት ያለበት ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ክፋቱ አያምም። በአንዳንዱ ሰው ግን ጉበቱ ይቆጣል፣ ጠባሳ ያበጃል፣ በዓመታት ውስጥ ይደድራል።

ደሜ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ተመረመረ፤ ነፃ ነኝ። ቀጥሎ ጠባሳ መኖሩን የሚጠቁም ስሌት አለ፤ እኔ መቼም ስሌት ካየሁ አላልፍም። ዕድሜ 37 በአንዱ የጉበት ኢንዛይም 38 ይባዛል። ይህ፣ ፕላትሌት 250 በሌላው ኢንዛይም 49 ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ለሚገኘው ይካፈላል። 0.80 መጣ። ከ1.3 በታች ከሆነ የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው። ኢንዛይም ብቻውን አያስተማምንም፤ ልኩ ደህና ሆኖም ስቡ ሊኖር ይችላል።

«መድኃኒት ይጻፉልኝ» አልኩ። አሜሪካ በ2024 እ.ኤ.አ. የተፈቀደ አንድ መድኃኒት አለ፣ እሱም ጠባሳ ለጀመራቸው ነው። ለእኔ የታዘዘልኝ ክብደት መቀነስ ነው፤ ከ7 እስከ 10 በመቶ። 80 ኪሎ ነበርኩና ቢያንስ 5 ኪሎ ከ600 ግራም መሆኑ ነው።

ለስላሳውን አቆምኩ፤ አንዱ ጠርሙስ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው። ጾም ላይ ነበር የምሸወደው፦ እስከ 9 ሰዓት ቆይቼ ዘይት የጠገበ ፓስታና ሳምቡሳ። ቡናዬን አልነኩብኝም፣ ለጉበት ጥሩ ነው አሉኝ፤ ስኳሩን ግን ተውኩት። ከቢሮ እስከ ታክሲው በእግሬ ነው። ጎረቤቴ «ጉበት ያጥባል» ብላ ያመጣችልኝን ቅጠል አልጠጣሁትም፤ ራሱ ጉበት የሚጎዳ ቅጠል አለና።

እስካሁን 4 ኪሎ ተኩል ቀንሻለሁ፤ 1 ኪሎ ከ100 ግራም ይቀረኛል። የአክስቴን ልጆችም ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው። ታላቅየዋ አለቀሰች፤ በማግስቱ አብረን ለምርመራ ሄድን።