ለክፍያ መንገዱ የሚከፍለው ማን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ የተዘረጋው የክፍያ መንገድ ነው። ስለ ርዝመቱና ስለ ስፋቱ ብዙ ማስረዳት አያሻኝም። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በሄጅም በመጭም በኩል ሦስት ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ በ2007 ዓ.ም. መባቻ አገልግሎት ጀመረ፤ በአገራችንም በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው። ነጂው ሲገባ በር ላይ ካርድ ይቀበላል፤ ሲወጣ እንደ መኪናው ዓይነትና እንደ ተጓዘው ርቀት ይከፍላል። እግረኛ፤ ጋሪና ከብት አይገቡበትም። ይህን ሁሉ ማናችንም የምናውቀው ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ለዚህ መንገድ በእውነቱ የሚከፍለው ማን ነው? የሚል ነው።

«ምን ጥያቄ አለው! የሚከፍለውማ በር ላይ ብር የሚቆጥረው ነጂ ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የክፍያ መንገድ መሠረተ ሐሳቡም ይኸው ነው፤ የተጠቀመ ይክፈል፤ ያልተጠቀመ አይክፈል። እኔም ሐሳቡን አልቃወምም። የቀድሞውን መንገድ የሚያውቅ ሰው አዲሱ መሠራቱን ሊነቅፍ አይችልም። ከውጭ ንግዳችን ከመቶው ከ90 እጅ በላይ የሚተላለፈው በጅቡቲ ወደብ ነው፤ ያን ሁሉ ጭነት የተሸከመው ከባድ መኪና ከሚኒባሱ፤ ከጋሪውና ከአህያው ጋር በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ሲጋፋ ምን ያህል ሰዓት እንደሚባክንና ምን ያህል አደጋ እንደሚደርስ በዚያ በኩል ለበዓል ወደ ቤቱ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ምስክር ነው።

ሽማግሌዎች ግን «መንገድ ላይ ቆሞ መክፈል» ሲባል የሚያስቡት ኬላን ነው። ሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን ጭኖ ካንዱ አውራጃ ወዳንዱ ሲሻገር በየኬላው እየቆመ ይቀረጥ ነበር። የኬላው ቀረጥ ለኬላው ጌታ ገባ እንጂ ከመንገዱ ላይ አንዲት ድንጋይ አላነሣም፤ ጎርፍ የበላውን መሻገሪያም አልጠገነም። የዛሬው የክፍያ መንገድ ከኬላ የሚለይበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ተመልሶ ለመንገድ ይውላል መባሉ ነው። ይህን ልዩነት በቃል ብቻ ሳይሆን በሒሳብ ማየት ይገባናል።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለመንገዱ ሥራ 612 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቷል። ከዚህ ውስጥ 57 በመቶ የሚሆነው ከቻይና ኤክዚም ባንክ የተገኘ ብድር ሲሆን የቀረውን የሸፈነው መንግሥት ነው። መንግሥት ሸፈነ ማለት ምን ማለት ነው? መንግሥት የራሱ እርሻ የለውም። የመተማ ገበሬ ጨውና ሸራ ጫማ ሲገዛ፤ የጋምቤላ መምህር ደመወዙን ሲቀበል የሚቆረጠው ግብር ነው። እነዚህ ሰዎች አዳማን አይተዋት አያውቁ ይሆናል፤ ቢሆንም በር ላይ የሚቆመው ነጂ ገና ካርዱን ሳይቀበል እነርሱ ከፍለው ጨርሰዋል። ስለዚህ «የተጠቀመ ይክፈል» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግማሽ እውነት ብቻ ነበር ማለት ነው።

ሌላውን ግማሽ ደግሞ እንመልከት። ብድሩ የተወሰደው በዶላር ነው፤ በር ላይ የሚሰበሰበው ግን ብር ነው። መንገዱ በተከፈተበት ጊዜ አንድ ዶላር በ20 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን የአንዱ ዶላር ዋጋ ከ100 ብር አልፎ ሄደ። እንዲህ ብለን ብናስበው ይቀለናል። በ2007 ዓ.ም. በር ላይ የተሰበሰበ 1,000 ብር 50 ዶላር ያህል ዕዳ ያቃልል ነበር፤ ዛሬ ያው 1,000 ብር 10 ዶላር እንኳ አይሞላም። ታሪፉ ከፍ ቢልም እንኳ በአምስት እጥፍና ከዚያ በላይ ከፍ ካላለ ልዩነቱን የሚሸከም ሌላ ትከሻ መኖር አለበት። ያ ትከሻ የማን እንደሆነ ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ፤ ያው የመተማው ገበሬ ነው።

ጎረቤቶቻችን ኬንያውያን ይህን ጉዳይ በሌላ መንገድ አይተውታል። በናይሮቢ ከተማ ላይ የተዘረጋውና በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው 27 ኪሎ ሜትር የክፍያ መንገድ የተሠራው በአንድ የቻይና ኩባንያ ገንዘብ ነው፤ ኩባንያውም ለብዙ ዓመታት ክፍያ እየሰበሰበ ገንዘቡን እንዲያስመልስ ተፈቅዶለታል። የኬንያ ሺልንግ ዋጋው ሲወርድ በ2016 ዓ.ም. ታሪፉ ወዲያው ተጨመረ፤ ለትንሽ መኪና መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ይከፈል የነበረው 360 ሺልንግ 500 ሆነ። የምንዛሪው ጉዳት እዚያ በቀጥታ በነጂው ላይ ወደቀ ማለት ነው። የትኛው ይሻላል? እኔ የኬንያውን አላደንቅም፤ ነጂው ቢጮኽ የሚሰማው ኩባንያ ነውና። ግን አንድ ነገር አለው፤ ጉዳቱ የት እንደ ወደቀ ሁሉም ያየዋል። የእኛው ጉዳት ግን በበጀት ውስጥ ተሸሽጎ ያልፋል።

አሁን ደግሞ በዶላር የማይቆጠር ወደ ሆነው ከፋይ ልምጣ። መንገዱ የሚያልፈው በአዳአ ሜዳ በኩል ነው። ጤፍ ሲባል የአዳአ ጤፍ እንደሚባል የአዲስ አበባ እመቤቶች ሁሉ ያውቃሉ። መንገዱ በተሠራበት ዘመን በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ከመሬቱ ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ የሚከፈለውን ካሣ ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 እጥፍ ወሰነው። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ወደ 15 እጥፍ ከፍ አደረገው። ሕጉ መሻሻሉ ራሱ የቀድሞው አንሶ እንደ ነበር መመስከሩ አይደለምን? የ10 ዓመት ምርት ተሰጥቶት የተነሣ ገበሬ 10 ዓመቱ ዛሬ አልፏል። መንገዱ ግን አሁንም ገንዘብ ይሰበስባል፤ ገና ብዙ ዓመት ይሰበስባል። ከመሬቱ የተረፈለትም ቢሆን አጥሩ ለሁለት ከከፈለበት በሬዎቹን ወዲያ ማዶ ለማድረስ መሻገሪያው እስካለበት ድረስ ዞሮ መሄድ ይኖርበታል። ይህም ክፍያ ነው፤ ደረሰኝ ግን የለውም።

ስለ አሮጌው መንገድ ጥቂት ልበል። በአቃቂ፤ በዱከም፤ በቢሾፍቱና በሞጆ መካከል ሰንጥቆ የሚያልፈው መንገድ ዛሬም አለ፤ ማንም ሳይከፍል ይሄድበታል። የክፍያ መንገድ ፍትሓዊ የሚሆነው ይህ ነጻ መንገድ በደኅና ሁኔታ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ነጻው ከተበላሸ መክፈል ምርጫ መሆኑ ይቀርና ግዴታ ይሆናል፤ መክፈል የማይችለውም ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ነዳጅ የሚገዛ ሁሉ ለመንገድ ጥገና የሚውል ገንዘብ ከዋጋው ጋር ይከፍላል። እንግዲህ በክፍያ መንገዱ የሚሄደው ነጂም ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንድ ጊዜ በነዳጅ ማደያ፤ አንድ ጊዜ በር ላይ። ሁለት ጊዜ የሚከፍል ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ መጠየቅ አይገባውምን?

ይህን ሁሉ የተናገርሁት በሩ ይነሣ ለማለት አይደለም። ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ሁለተኛ የክፍያ መንገድ ተከፍቷል፤ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚሄደውም በከፊል ሥራ ጀምሯል። ነገሩ ገና መስፋቱ ነው፤ ስለዚህ ልማዱ ከወዲሁ ይስተካከል ነው የምለው። ማኅበራችን የሚከተለውን ሐሳብ በጽሑፍ እንዲያቀርብ እጠይቃለሁ። ከየመንገዱ የተሰበሰበው ገንዘብ፤ ለጥገና የዋለውና ለዕዳ የተከፈለው በየዓመቱ ተለይቶ ይታተም፤ በየበሩም በአማርኛና በኦሮምኛ ይለጠፍ፤ ነጂው ካርዱን ሲቀበል ያንብበው። ከገቢውም የተወሰነ እጅ አብሮ ለሚሄደው ነጻ መንገድና አጥሩ ለሁለት ለከፈላቸው ገበሬዎች መሻገሪያ ይመደብ።

የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች የሆኑ ወንድሞቼ «የአንዱን መንገድ ገንዘብ ለሌላው ማዋል ሒሳብን ያበላሻል» ብለው ሊሞግቱኝ ወረቀት ይዘው ተቀምጠው አያቸዋለሁ። መድረኩን ለእነርሱ እለቃለሁ።