ከጡረታ በኋላ ሽጉጥ መማር

አሜሪካ ውስጥ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት አብረው የሽጉጥ ተኩስ ለመማር ቢመዘገቡ የሚገርመው ሰው ጥቂት ነው። እኔን ደስ የሚያሰኘኝ ጀማሪነታቸው ነው። በረጅም ትዳር ውስጥ ሥራው አስቀድሞ ተከፋፍሏል፤ መኪናው የእሱ፣ ሂሳቡ የእሷ። እዚህ ሁለቱም እኩል አያውቁም።

ትምህርቱ ሽጉጡ ጥይት ሳይጎርስ ይጀምራል። መሣሪያ ሁሉ እንደጎረሰ ይቆጠራል፤ አፈሙዙ ሊመቱት ወደማይፈልጉት ነገር አይዞርም፤ ዒላማው ላይ እስኪያነጣጥሩ ጣት ቃታ አይነካም፤ ከዒላማው ጀርባ ያለውም መታወቅ አለበት። እነዚህን አራት ሕጎች ያስፋፋው አሜሪካዊው አሰልጣኝ ጄፍ ኩፐር ነው።

ዕድሜም የራሱን ፈተና ያመጣል። ዓይን የቅርቡን ማነጣጠሪያ ያደበዝዘዋል፤ ቁርጥማት የያዘው እጅ ሽጉጡን ማቀባበል ይከብደዋል። ብዙ አሰልጣኞች ጀማሪን ሲተኮስ ብዙም በማይገፋው ባለ 22 ካሊበር የሚያስጀምሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ደግሞም ይቻላል! ህንዳዊቷ አያት ቻንድሮ ቶማር ሽጉጥ መተኮስ የጀመሩት ከ60 ዓመታቸው በኋላ ነው፤ የልጅ ልጃቸውን ወደ ተኩስ ክለብ ይዘው ሄደው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ ያጠፉ ናቸው። ስለዚህ መሣሪያው ተቆልፎ ይቀመጥ። ከሁለቱ የአንዱ አእምሮ ቢደክም ወይም ሐዘን ቢከብደው ቁልፉን ማን እንደሚረከብም፣ ሁለቱም ጤነኛ ሳሉ፣ ዛሬውኑ ይነጋገሩበት።